ከቦይለር ጥገና እስከ ሂት ፓምፕ፦ የአንድ የለንደን ቤት ማሞቂያ ግምገማ

ይህ ግምገማ በሰሜን ለንደን በ1930ዎቹ በተሠራ ባለ ሦስት መኝታ ቤት ውስጥ በተከታታይ የተጠቀምንባቸውን ሁለት የቦይለር ጥገና አገልግሎቶች፣ አንድ የቤት ሙቀት ልኬታ እና በመጨረሻ የጋዝ ቦይለሩን (በጋዝ ውሃ አሙቆ በቧንቧ ወደየክፍሉ ራዲያተር የሚልከውን ማሽን) ቦታ የወሰደውን ሂት ፓምፕ፣ ማለትም ሙቀትን ከውጭ አየር ስቦ ቤት የሚያሞቅ የኤሌክትሪክ ማሽን፣ ይመለከታል። የድርጅቶቹን ስም ሆን ብዬ ትቼዋለሁ፤ ለአንባቢ የሚጠቅመው የሠሩበት መንገድ ነውና። ፍርዴን አስቀድሜ ለመናገር ያህል፣ የመጀመሪያው የጥገና አገልግሎት በየወሩ የሚከፈልበትን ገንዘብ የሚያወጣ አይደለም፤ ሁለተኛው ከተከፈለው በላይ ሠርቷል፤ ሂት ፓምፑም ጥሩ ዕቃ ነው። ነገር ግን ሂት ፓምፑ ጥሩ ሆኖ የተገኘው ሁለተኛው ባለሙያ ቀደም ብሎ በቧንቧዎቹና በራዲያተሮቹ ላይ በሠራው ሥራ ምክንያት ስለሆነ፣ ጥገናውን ዘልሎ ስለ ማሽኑ ብቻ መጻፍ አንባቢን ማሳሳት ይሆናል።

ብልሽቱ በዚህ አገር በቦይለር ቤቱን ለሚያሞቅ ሰው ሁሉ እንግዳ አይደለም። ጠዋት የግፊት መለኪያው መርፌ ከ1 ባር በታች ወርዶ ይገኛል፣ ማሽኑም ራሱን ይዘጋል፤ በመሙያው ቱቦ ውሃ ሲጨመርለት ይነሣል፤ ማታ ቤቱ መሞቅ ሲጀምር መርፌው ወደ 3 ባር ይጠጋል፤ በማግስቱ ግን እንደገና ባዶ ነው። በዚህ ላይ የሳሎኑ ራዲያተር ላይ ላዩ ሞቆ ታችኛው ክፍሉ ቀዝቃዛ ነበር፤ የኋለኛው መኝታ ክፍል ራዲያተር ደግሞ ሌሎቹ እጅ በሚያቃጥሉበት ሰዓት እንኳ ለብ ከማለት አያልፍም ነበር። ብዙ ሰው ይህን ሁሉ አንድ ላይ ሲያይ «ቦይለሩ አርጅቷል» ብሎ ይደመድማል። የሻጮችም ፍላጎት ይኸው ነው።

የመጀመሪያው አገልግሎት በየወሩ እየተከፈለ የጥገና ሽፋን የሚሰጥ ውል ነው። የመጣው ሠራተኛ ሰዓት አክባሪና ትሑት ነበር፤ በዚህ ላይ ምንም ቅሬታ የለኝም። የሠራው ሥራ ግን ውሃ መጨመር፣ ከራዲያተሮቹ ላይ አየር ማስተንፈስና ማሽኑን ማስነሣት ብቻ ሲሆን፣ የቦይለሩን ሽፋን እንኳ ሳይከፍት «ዕድሜው ገፍቷል፣ መለዋወጫውም እየጠፋ ነው፤ መቀየር ይሻላል» የሚል ማስታወሻ ጽፎ ሄደ። የአዲስ ቦይለር ዋጋ ማቅረቢያ በዚያው ምሽት በኢሜይል ደረሰን። ውሃው ለምን እንደሚጎድልና ወዴት እንደሚሄድ የጠየቀ አልነበረም፤ ዝግ የሆነ የማሞቂያ መስመር ደግሞ ያለ ምክንያት ውሃ አይጎድልበትም። ውሉን ረጋ ብለን ስናነብ በቧንቧ ውስጥ ከተጠራቀመ ዝቃጭ የሚመጣ ብልሽት ከሽፋኑ ውጭ መሆኑን አየን። እንዲህ ዓይነቱ አንቀጽ በብዙ የቦይለር ሽፋን ውሎች ውስጥ ስለሚገኝ፣ የምትከፍሉ ካላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት «ዝቃጭ» እና «ካልክ» (ውሃ ትቶት የሚሄደው ነጭ ጠጣር) የሚሉትን ጉዳዮች ውሉ እንዴት እንደሚያያቸው ፈልጋችሁ አንብቡ።

ሁለተኛው ሰው ለብቻው የሚሠራ የጋዝ ባለሙያ ነው። በዚህ አገር ጋዝ የሚነካ ሰው ሁሉ በጋዝ ሴፍ ሬጅስተር የተመዘገበ መሆን ይኖርበታል፤ ይህ መዝገብ በ2009 በታላቋ ብሪታንያ ኮርጂ የተባለውን የቀድሞ የጋዝ ባለሙያዎች መዝገብ የተካ ሲሆን፣ የባለሙያው መታወቂያ ካርድ ጀርባ በየትኞቹ የጋዝ ሥራዎች ላይ ብቃት እንዳለው ይዘረዝራል። ጀርባውን የሚያገላብጥ ደንበኛ ግን ጥቂት ነው። እኚህ ባለሙያ ካርዳቸውን ሳይጠየቁ አሳዩን፤ ከዚያም ወደ ቦይለሩ ከመሄዳቸው በፊት ወደ ጓሮ ወጥተው ከግድግዳው ቀዳዳ ብቅ ያለችውን ቀጭን የመዳብ ቧንቧ ተመለከቱ። ከቧንቧዋ ጫፍ ሥር ያለው ጡብ እርጥብ ነበር፤ ነጭ የካልክ መስመርም ወደ ታች ወርዶበታል። የቧንቧዋን ጫፍ በትንሽ የላስቲክ ከረጢት ሸፍነው በገመድ አሰሩትና ማሞቂያውን አስነሡ። ቤቱ ሲሞቅ ከረጢቱ በውሃ ተወጠረ። የጎደለው ውሃ መውጫ በዚህ ታወቀ፤ አንድም ወለል አልተነሣም፤ አንድም ቧንቧ አልተቆረጠም።

ምክንያቱ የማስፋፊያው ጋን ነው። ውሃ ከቀዝቃዛ ተነሥቶ 70 ዲግሪ ሲደርስ መጠኑ ከመቶ ሁለት እጅ በላይ ይጨምራል፤ በቧንቧዎቹና በራዲያተሮቹ ውስጥ 100 ሊትር ካለ ከ2 ሊትር የሚበልጥ ውሃ መግቢያ ይፈልጋል ማለት ነው። መግቢያ የሚሆነው ይህ ጋን ሲሆን፣ ውስጡ በጎማ ሽፋን ለሁለት ተከፍሎ በአንድ ወገን ውሃ፣ በሌላው ወገን የታመቀ አየር ይይዛል። ጎማው ከተቀደደ ወይም አየሩ ካለቀ ውሃው መስፊያ ያጣል፤ ግፊቱ ይወጣል፤ 3 ባር ላይ የደህንነቱ ቫልቭ ይከፈትና ትርፉን ውሃ በዚያች የመዳብ ቧንቧ ወደ ውጭ ይተፋል፤ ማሽኑ ሲቀዘቅዝ የቀረው ውሃ ስለሚያንስ መርፌው ይወርዳል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ጋኑ ላይ እንደ መኪና ጎማ ያለ የአየር መሙያ አለ፤ ሲጫኑት አየር መውጣት ሲገባው ውሃ ከወጣ ጎማው ተቀድዷል። በእኛ ቤት የወጣው ውሃ ነበር። ባለሙያው ቦይለሩን ከግድግዳ አውርደው ከጀርባው ያለውን ጋን ከመቀየር ይልቅ በመመለሻው ቧንቧ ላይ አዲስ ጋን ከውጭ ገጠሙ፤ የደህንነቱ ቫልቭ አንዴ መትፋት ከለመደ በደንብ እንደማይዘጋ ነግረውን እሱንም ቀየሩት። የዕቃውም የእጁም ዋጋ ተደምሮ ከአዲስ ቦይለር ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አልነበረም።

በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ጥሩ ጥገና ብዬ እጽፍ ነበር። የባለሙያው ብልጫ የታየው ከዚህ በኋላ ነው። በየጊዜው አዲስ ውሃ በጨመርን ቁጥር አዲስ ኦክሲጅን እናስገባ እንደነበር አስረዱን፤ ኦክሲጅኑ የራዲያተሮቹን ብረት ያዝገዋል፤ ዝገቱ ማግኔታይት የሚባል ጥቁር የብረት ደቃቅ ሆኖ በውሃው ውስጥ ይዞራል፤ ውሃው ቀስ በሚልበት ቦታ፣ ማለትም በራዲያተር ታችኛው ክፍል፣ ይተኛል። የሳሎናችን ራዲያተር ላዩ ሞቆ ታቹ የቀዘቀዘው ለዚህ ነው። ነገሩ ተገላብጦ ላዩ ቀዝቅዞ ታቹ ቢሞቅ ኖሮ አየር ነው የገባበት፤ ይህንንም ማንም ሰው በትንሽ ቁልፍ ማስተንፈስ ይችላል። ራዲያተሩን ነቅለው ጓሮ አውጥተው በውሃ ቱቦ ሲያጥቡት የቡና አተላ የመሰለ ጥቁር ውሃ ወጣው፤ ማግኔት አስጠግተው አተላው ወደ ማግኔቱ ሲሳብ አሳዩን። ከዚያ በኋላ መስመሩን በሙሉ አጠቡ፣ በመመለሻው ቧንቧ ላይ የማግኔት ማጣሪያ ገጠሙ፣ ዝገት የሚከላከለውን ኬሚካል ጨመሩ። የመጀመሪያው አገልግሎት በየምልልሱ የጨመረው ውሃ ችግሩን ከማቃለል ይልቅ ሲያባብስ ነበር ማለት ነው።

የኋለኛው መኝታ ክፍል ችግር ደግሞ ሁለት ነበር። በራዲያተሩ ላይ ያለው የሙቀት መቆጣጠሪያ ቫልቭ ጭንቅላቱ ሲነሣ ከሥሩ የምትታየው ትንሽ ዘንግ ወደ ውስጥ እንደገባች ተጣብቃ ነበር፤ በጋውን ሙሉ ተዘግቶ የከረመ ቫልቭ ይህን ማድረጉ የተለመደ ነው፤ በፒንሳ ቀስ ብሎ ማንቀሳቀስ ያድነዋል። ይህ ከተስተካከለ በኋላም ክፍሉ ለቦይለሩ ሩቅ ስለሆነ ውሃው በቅርብ ራዲያተሮች በኩል አቋርጦ ይመለስ ነበር። ባለሙያው በቅርቦቹ ራዲያተሮች ሌላኛው ጫፍ ያለውን የማመጣጠኛ ቫልቭ ጠበብ፣ የሩቁን ሰፋ አድርገው፣ በየራዲያተሩ የሚገባውንና የሚወጣውን ሙቀት በመለኪያ እያዩ አመጣጠኑት። አሰልቺ ሥራ ስለሆነ አብዛኞቹ ጠጋኞች ይዘሉታል። ከአገር ቤት ለጥየቃ የመጣችው እናቴ ክፍሏ ቶሎ እንዲሞቅላት ቴርሞስታቱን 30 ላይ ታደርገው ነበር፤ ቴርሞስታት መቼ እንደሚቆም እንጂ በምን ፍጥነት እንደሚሞቅ እንደማይወስን ያስረዳኋት ያን ሰሞን ነው፤ እሷ ግን ከማብራሪያዬ ይልቅ ያመነችው ራዲያተሩን ዳስሳ ሲሞቅ ስታገኘው ነው።

ባለሙያው ከመሄዳቸው በፊት ያደረጉት የመጨረሻ ነገር ገንዘብ አላስከፈለም፤ ለእኛ ግን ከሁሉ የበለጠ ዋጋ ነበረው። ቦይለሩ ወደ ራዲያተሮቹ የሚልከውን ውሃ ሙቀት ከ75 ዲግሪ ወደ 55 ዝቅ አደረጉት። በእንግሊዝ ከ2005 ወዲህ የሚገጠሙት የጋዝ ቦይለሮች ከሞላ ጎደል ሁሉም ኮንደንሲንግ የሚባሉ ናቸው፤ በጭሱ ውስጥ ያለውን የውሃ ተን ወደ ውሃ መልሰው ሙቀቱን ይወስዳሉ። ይህ የሚሆነው ግን ከራዲያተሮቹ የሚመለሰው ውሃ ከ55 ዲግሪ ገደማ ሲያንስ ነው፤ በ75 ዲግሪ የተሞላ ቦይለር ይህን ጥቅም ብዙውን ጊዜ አያገኝም፤ በማስታወቂያው ላይ ያለው የብቃት ቁጥርም በቤታችሁ አይታይም። ኮምቢ (የገላ ውሃን ሳያጠራቅም በሚፈለግበት ቅጽበት የሚያሞቅ ቦይለር) ላላቸው ይህን ቁጥር ዝቅ ማድረግ የገላ ውሃን አይነካም። የሙቅ ውሃ ማጠራቀሚያ ሲሊንደር ያላቸው ግን ሌጂዮኔላ የተባለው ባክቴሪያ እንዳይራባ ሲሊንደሩ 60 ዲግሪ መድረስ ስላለበት ባለሙያ ሳያማክሩ መንካት የለባቸውም።

ቀጣዩን ክረምት ቦይለሩን በ50 ዲግሪ ስንጠቀም ከረምን። ቤቱ ሞቀ፤ የሚሞቀው ግን በዝግታ ነው፤ ጠዋት ከእንቅልፍ በምንነሣበት ሰዓት እንዲደርስ ቀደም ብሎ መጀመር ነበረበት። ሳሎኑ ብቻ በረዶ በጣለበት ሳምንት ትንሽ አነሰው። ይህ ሙከራ ለሂት ፓምፕ የሚሆን ቤት መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ማንም ያለ ወጪ ሊያደርገው የሚችል ነው፤ ምክንያቱም ሂት ፓምፕ በርካሽ የሚሠራው በ35 እና በ50 ዲግሪ መካከል ባለ ውሃ ነው። በፋብሪካ መግለጫ ላይ 1000 ዋት የሚል ራዲያተር ያንን ሙቀት የሚሰጠው በውስጡ ያለው ውሃ በአማካይ ከክፍሉ በ50 ዲግሪ ሲበልጥ ነው፤ ልዩነቱ ወደ 25 ሲወርድ የሚሰጠው 400 ዋት ገደማ ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ማሽኑ ጎበዝ ነው ወይ?» ከሚለው ይልቅ «ራዲያተሮቼ በዝቅተኛ ሙቀት ይበቁኛል ወይ?» የሚለው ነው።

ቦይለሩ ቢስተካከልም ዕድሜው የገፋ መሆኑ እውነት ስለነበር፣ በብርድ መሐል ቆሞ ከሚያስጨንቀን አስቀድመን ለመወሰን ስንል የሂት ፓምፕ ዋጋ አስጠየቅን። የልኬታ አገልግሎቶቹ ልዩነት እንደ ጥገናዎቹ ልዩነት ሰፊ ሆኖ አገኘሁት። አንደኛው ድርጅት በስልክ የቤቱን ስፋትና የመኝታ ክፍሎቹን ብዛት ጠይቆ 12 ኪሎ ዋት የሚሆን ማሽን አቀረበ። ሁለተኛው ክፍል በክፍል የግድግዳውን፣ የመስኮቱንና የጣሪያውን ስፋት ለክቶ፣ የእያንዳንዱን ራዲያተር ቁመትና ርዝመት መዝግቦ፣ ጣሪያ ሥር ወጥቶ ሙቀት እንዳያመልጥ የተነጠፈውን የኢንሱሌሽን ውፍረት አይቶ፣ ውጭው ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ገደማ በሚሆንበት ቀን ቤቱ ከ6 ኪሎ ዋት ያነሰ ሙቀት እንደሚበቃው አሰላ። ነባሩ ኮምቢ 28 ኪሎ ዋት ነበረና ቁጥሩ መጀመሪያ ሲሰማ ያስደነግጣል፤ ነገር ግን ኮምቢ ያን ያህል የሚተልቀው ገላ በምንታጠብበት ቅጽበት ውሃ ለማሞቅ ነው፤ ቤቱን ለማሞቅ አብዛኛው ጉልበቱ ትርፍ ነው። ከልክ በላይ የሆነ ሂት ፓምፕ ለስለስ ባለ ቀን ቶሎ ቶሎ እየተነሣና እየቆመ ኤሌክትሪክ ያባክናል፣ ኮምፕረሰሩንም ያደክማል። ክፍል በክፍል ያልለካ ሰው የሚያቀርበውን ዋጋ፣ ቢረክስም፣ እኔ አልቀበለውም።

የተገጠመልን ማሽን ውጭ ጓሮ ውስጥ የሚቀመጥ፣ አር 290 የተባለውን ማቀዝቀዣ ጋዝ፣ ማለትም ፕሮፔንን፣ የሚጠቀም የአየር ሂት ፓምፕ ነው። አሠራሩ ከፍሪጅ አሠራር ጋር አንድ ነው፤ ፕሮፔን ከዜሮ በታች በ42 ዲግሪ ስለሚፈላ የለንደን የጥር አየር እንኳ ሊያፈላው የሚበቃ ሙቀት አለው፤ ኮምፕረሰሩ ተኑን ሲያምቀው ሙቀቱ ይጨምራል፤ ያ ሙቀት ወደ ራዲያተሮቹ ውሃ ይተላለፋል። አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ከፍለን ሦስት ወይም አራት ኪሎ ዋት ሰዓት ሙቀት የምናገኘው ማሽኑ ሙቀቱን ከውጭ ስለሚያመጣ ነው። ፕሮፔን ቢያመልጥ በአየር ንብረት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በቀደሙት ማሽኖች ከነበረው አር 410ኤ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የማይገባ ነው፤ የሚቀጣጠል ስለሆነ ግን ማሽኑ ከመስኮትና ከፍሳሽ መውረጃ የሚርቅበት ልክ አለው፤ ገጣሚው ይህን በሜትር ሲለካ አይቻለሁ።

ግጠማው ሦስት ራዲያተሮችን በሰፋፊ መተካትን፣ ኮምቢው በነበረበት ቁም ሣጥን ውስጥ 180 ሊትር ሲሊንደር ማቆምን ይጨምራል። ለአነስተኛ ቤት ከባዱ ጉዳይ ይህ የሲሊንደር ቦታ ነው፤ የልብስ ቁም ሣጥን የሚያጣ ቤተሰብ አስቀድሞ ቢነጋገርበት ይሻላል። ገጣሚው የቤቱን የኤሌክትሪክ ጭነት ሲደምር የገላ መታጠቢያውን 9 ኪሎ ዋት ሻወር ከመዘገበ በኋላ «ሌላ ብዙ የሚበላ ዕቃ አለ?» ብሎ ጠየቀ፤ ባለቤቴ የኤሌክትሪክ ምጣዱን አውጥታ አሳየችው። ሰውየው ምጣዱን ገልብጦ ከሥሩ ያለውን የዋት መጠን አንብቦ ቅጹ ላይ ጻፈው። የዋናው ፊውዝ አቅም የሚበቃ መሆኑን የአካባቢው የኤሌክትሪክ መስመር ባለቤት ማጽደቅ ስላለበት፣ እንጀራ የሚጋግር ቤተሰብ ይህን ዕቃ አለመደበቁ ይበጃል። የጋዝ መስመሩን ጨርሶ ለማዘጋት ምድጃውንም ወደ ኢንዳክሽን (በማግኔት ኃይል የብረት ድስትን ብቻ የሚያሞቅ የኤሌክትሪክ ምድጃ) ቀይረናል፤ የሸክላ ጀበና ኢንዳክሽን ላይ እንደማይሠራ ግን በሽያጭ ወረቀቱ ላይ የጻፈልን አልነበረም፤ ለቡናው ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ለብቻ ገዝተናል።

ክረምት አልፎበታልና ስለ ምቾቱ መናገር እችላለሁ። በቦይለር ጊዜ ቤቱ ጠዋት ይግላል፣ እኩለ ቀን ይበርዳል፣ ማታ እንደገና ይግላል፤ አሁን ቀኑን ሙሉ 20 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይቆያል። ራዲያተሮቹ ሲነኩ ለብ ያሉ ናቸው፤ እንግዳ ዳስሶ «ሂቲንጉ አልበራም እንዴ?» ይላል፤ ክፍሉ ግን ሞቃት ነው። ካፖርቱን አውልቆ ራዲያተር ላይ መደገፍ የለመደ ሰው ይህን አይወደውም። ድምፁ ከመስኮት ውስጥ አይሰማም፤ ጓሮ ቆሞ ላዳመጠ ግን ዝቅ ያለ እምምታ አለው። እርጥበት ያለበት፣ ከዜሮ ትንሽ ከፍ ያለ ጠዋት በማሽኑ ክንፎች ላይ ውርጭ ይይዝና ማሽኑ ውርጩን ለማቅለጥ አሠራሩን ለጥቂት ደቂቃ ይገለብጣል፤ ያን ጊዜ ነጭ ተን ቦግ ብሎ ከጓሮ ይነሣል። ጎረቤታችን እሳት መስሏቸው በር አንኳኩተዋል። የቀለጠው ውሃ ወደ መተላለፊያ ከፈሰሰ በረዶ ሆኖ ሰው ያንሸራትታል፤ ፍሳሹ ወደ ጠጠር ጉድጓድ እንዲገባ ማድረግ የገጣሚው ግዴታ ሊሆን ይገባል።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ ሻጮች የሚሉትም ነቃፊዎች የሚሉትም ግማሽ እውነት ነው። በ2025 መጨረሻ ወራት የኃይል ገበያ ተቆጣጣሪው የኦፍጄም የዋጋ ጣሪያ ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ 26.35 ፔንስ፣ ለጋዝ ከ6 ፔንስ ትንሽ ከፍ ያለ ነበር፤ ኤሌክትሪክ አራት እጥፍ ያህል ይወደድ ነበር። በዚያ ዋጋ በዓመት 10,000 ኪሎ ዋት ሰዓት ሙቀት የሚፈልግ ቤት በደንብ በተስተካከለ ቦይለር 715 ፓውንድ አካባቢ ጋዝ ያቃጥላል። ያንኑ ሙቀት ለአንድ ኪሎ ዋት ሦስት ተኩል የሚመልስ ሂት ፓምፕ በ750 ፓውንድ አካባቢ ይሰጣል፤ አራት የሚመልስ ከሆነ 660 ገደማ፤ በመጥፎ አገጣጠም ሁለት ነጥብ ስምንት ብቻ የሚመልስ ከሆነ ግን ከ940 ፓውንድ በላይ ይሆናል። የጋዝ ቆጣሪው ጨርሶ ከተነሣ በዚያን ጊዜ በዓመት ከ120 ፓውንድ በላይ ይሆን የነበረው የቋሚ ክፍያ ይቀራል፤ በሌሊትና በቀትር ዋጋ የሚቀንስ ታሪፍ ያለው ሰው ደግሞ የበለጠ ያተርፋል። የእኛ ማሽን ከሦስት ተኩል ትንሽ ከፍ ብሎ ስለከረመ ወጪያችን ከበፊቱ በመጠኑ ቀንሷል። ሂሳቤን ግማሽ እቆርጣለሁ ብሎ የሚገባ ሰው ግን ያዝናል።

የግጠማው ዋጋ ያለ ድጎማ ብዙውን ጊዜ ከ10,000 እስከ 15,000 ፓውንድ ይደርሳል። በእንግሊዝና በዌልስ የቦይለር ማሻሻያ ድጎማ በጥቅምት 2023 ከ5,000 ወደ 7,500 ፓውንድ ከፍ ብሏል፤ የሚጠይቀው ኤምሲኤስ የተባለው ማረጋገጫ ያለው ገጣሚ ሲሆን ከዋጋው ላይ ይቀነሳል እንጂ ለባለቤቱ በእጅ አይሰጥም፤ ስለዚህ «ድጎማውን እኔ አወጣልሃለሁ፣ አንተ ክፍያውን ቀድመህ ክፈል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ተጠራጠሩ። በሂት ፓምፕ ግጠማ ላይ የተጨማሪ እሴት ታክስ እስከ መጋቢት 2027 ዜሮ ነው። ማሽኑ ከጎረቤት ወሰን አንድ ሜትር ይራቅ የሚለው የእንግሊዝ የፕላን ደንብም በ2025 ተነሥቷል፤ ለጠባብ የለንደን ጓሮ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የድምፅ ገደቡ ግን እንዳለ ነው።

ሌሎቹን አማራጮች አይተናቸዋል፤ ብዙ የሚያስወራ አላገኘሁባቸውም። ጣሪያ ላይ የሚወጣው የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ በበጋ የገላ ውሃን ያሞቃል፤ ቤት በሚበርድበት በታኅሣሥ ግን ፀሐይዋ ራሷ የለችም። የፀሐይ ኤሌክትሪክ ፓነል ከሂት ፓምፕ ጋር መልካም ነው፤ የሚያመርተው ግን በአብዛኛው ማሞቂያ በማያስፈልግበት ወራት ስለሆነ የዓመቱን ሂሳብ ያቀላል እንጂ የጥርን ብርድ አይሸከምም። የመሬት ሙቀት የሚስበው ፓምፕ ከአየሩ የተሻለ ብቃት ቢኖረውም ጉድጓድ ማስቆፈር ይጠይቃል፤ ለአንድ የከተማ ቤት ወጪው አያዋጣም። ከግድግዳ የሚሰቀሉት የኤሌክትሪክ ፓነሎች «አረንጓዴ» እየተባሉ ቢሸጡም ለአንድ ኪሎ ዋት አንድ ብቻ የሚመልሱ ተራ የኤሌክትሪክ ማሞቂያዎች ናቸው።

በኪራይ ለሚኖረው አብዛኛው የከተማው ወገናችን የሚጠቅመው የዚህ ጽሑፍ የመጀመሪያ ግማሽ ነው። በእንግሊዝ ማሞቂያውንና የሙቅ ውሃውን መስመር በሥራ ላይ ማቆየት በ1985ቱ የአከራይና ተከራይ ሕግ የአከራዩ ግዴታ ነው፤ የጋዝ ዕቃዎቹንም በየዓመቱ በተመዘገበ ባለሙያ ማስፈተሽና ሰነዱን ለተከራይ መስጠት አለበት። ግፊቱ የሚወርድበትን ሰዓትና የቧንቧዋን ሥር እርጥበት በፎቶ ይዞ የሚያመለክት ተከራይ «ቤቱ ይበርዳል» ብሎ ብቻ ከሚያመለክተው ይልቅ ቶሎ መልስ ያገኛል። ውርጭ በሆነ ጠዋት ቦይለሩ እያንቋረረ ከቆመ ደግሞ ወደ ውጭ የሚወጣው ነጭ የፕላስቲክ ፍሳሽ ቧንቧ በረዶ ሠርቶ ይሆናል፤ ለብ ያለ ውሃ፣ የፈላ ሳይሆን፣ ከላዩ አፍስሶ ማሽኑን እንደገና ማስነሣት ይበቃል። የጋዝ ሽታ ካለ ግን መስኮት ከፍቶ መውጣትና 0800 111 999 መደወል እንጂ መነካካት የለም።

በሂት ፓምፑ ላይ የሚቀሩኝ ቅሬታዎች ሁለት ናቸው። የመቆጣጠሪያው ምናሌ ለገጣሚ እንጂ ለነዋሪ የተጻፈ አይመስልም፤ ውጭ ሲበርድ የውሃውን ሙቀት የሚጨምረውን ቅንብር ለማስተካከል ከሥር ከሥር ብዙ ገጽ መክፈት ይጠይቃል፤ ገጣሚው ሲሄድ ከፍ አድርጎ ትቶት የነበረውን እኛው ቀስ በቀስ ካላወረድነው ብቃቱ ከሦስት አያልፍም ነበር። ሁለተኛው የሙቅ ውሃው ጉዳይ ነው፤ ሲሊንደሩ አንዴ ካለቀ እንደገና እስኪሞቅ ይቆያል፤ ለገና ዋዜማ ዘመድ ሞልቶ ሁሉም ተራ በተራ ሲታጠብ የመጨረሻዋ ቀዝቃዛ ውሃ ደርሷታል። አሁን እንግዳ በሚበዛበት ቀን ከሰዓት በኋላ ተጨማሪ ሰዓት እንሞላለታለን። ከአምስት ለማሽኑ አራት፣ ለልኬታው አምስት፣ ጋኑን በላስቲክ ከረጢት ላገኙት ባለሙያ አምስት፤ ለወርሃዊው ሽፋን አንድ፣ እሱም ለሠራተኛው ሰዓት አክባሪነት።